ያረምኩት ዘፈን

ማረም የሚለው ቃል የገበሬም የመምህርም ነው። ገበሬው ግን ቢያንስ አረሙን ከሰብሉ ይለያል። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የሰርግ ጥሪ ሲደርሰኝ ከሙሽሮቹ ስም በፊት የፊደል ግድፈቱ ነው የሚታየኝ። አንዴ የመቃብር ጽሑፍ ላይ ቆሜ «ይቺ ሐመሩ ‹ሐ› አይደለችም» ብያለሁ። ሟቹ አልተቃወመኝም። እናንተም እንዲህ ያለ ጎረቤት አታጡም፤ ካጣችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

እንዲህ ሆኜ ጅጅጋ ስኖር፣ ኢፍራህ የምትባል የድሮ ተማሪዬ መጣች። ኢፍራህ ሶል ነው የምትዘፍነው፤ ያንን ግማሹ ጸሎት፣ ግማሹ ለቅሶ የሚመስል ዘፈን። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። የመጀመሪያ አልበሟን ከሁለት ሰዎች ጋር እየቀዳች ነበር። አንዱ ኪቦርድ የሚጫወተውና ቅንብሩን የሚሠራው ዳዊት ነው፤ ድሮ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ የነበረ። ሌላው ኡድ የሚባለውን የክር መሣሪያ የሚጫወቱት ሽማግሌው አደን ናቸው፤ በሶማልኛ አጎት ለማለት ሁላችንም «አዴር» እንላቸዋለን። ዘፈኖቹ ሁሉ ሶማልኛ ሲሆኑ አንዱ ብቻ አማርኛ ነው።

«መዓሊን፣ አማርኛውን ይዩልኝ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። ባትለኝስ የማላይ መሰላችሁ?

ዘፈኑ ስለ አባቷ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አማርኛውንም ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው አስቀምጠው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከተማችን በታመሰችበት ክረምት ስኳር ጭነው ወደ አፍደም ወጡ። እሳቸውም መኪናውም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ፈላጊውም ደክሞት ተወ።

ስቱዲዮው ግድግዳው በስፖንጅ ፍራሽ የተሸፈነ አንድ ክፍል ነው። ኢፍራህ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አዝማቹ «አባዬ ቆየ፣ መንገድ ነው ያቆየው» ይላል። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

«ሰው ስድስት ዓመት አይቆይም» አልኳት። «ቆየ የሚባለው የሚመጣ ሰው ነው። ይሄ ቀረ ነው። ‹አባዬ ቀረ፣ መንገድ ነው ያስቀረው› በይው።»

«ቀረ ማለት ከእንግዲህ አይመጣም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ። ቋንቋው እንዲያ ነው።»

አዴር አደን ኡዳቸውን ከጭናቸው አወረዱ። «መዓሊን፣ ልጅቷ የጻፈችውን ተውላት።»

«አዴር፣ ስህተቱ እኮ ለዘላለም ሊቀዳ ነው!»

ኢፍራህ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብላ ማይኩ ፊት ቆመች። «ቀረ» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ አልሞከረችውም። ዳዊት ከጆሮው ማዳመጫውን አውልቆ «በቃ፣ ይሄ አይነካም» አለ። አዴር አደን ሳይሰናበቱን ወጡ። እኔ ግን፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ። ትክክለኛ ቃል ሰው ሲያስለቅስ በዓይኔ አየሁ ብዬ ተኩራራሁ።

አልበሙ ወጣ። ባጃጁ ሁሉ «አባዬ ቀረ» እያለ ይከንፍ ጀመር። እንኳን ደስ አለሽ ልላት ተምር ገዝቼ ወደ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ጫማ በጫማ ሆኗል። ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመሐላቸው የኢፍራህ እናት ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እዚህ አገር እንዲህ ነጭ ለብሳ ሰው የምትቀበል ሴት ባሏ ሞቶባታል ማለት ነው።

«ማን ሞተ?» አልኳት ኢፍራህን፣ እንደ ሞኝ።

«አባቴ። እናቴ ዘፈኑን ገበያ ውስጥ ሰማችው።»

እናትየዋ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው ሽንኩርት ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ቆየንና ቀረን ከእኔ እኩል ያውቃሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ የባላቸውን እራት ከድነው ሲያስቀምጡ ኖረዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእስክሪብቶውንስ በምን ያሹታል?

ሲያዩኝ ተነሡ። አላለቀሱም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«አንተ ነህ አሉ ያስተካከልከው። የመንግሥት ሰው ነህ፤ ሳትሰማ አትጽፍም። አላህ ይስጥህ። የት ነው የቀበሩት?»

«እናቴ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ሰዋስው ነው» አልኳቸው።

«ሰዋስው?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰዋስው በየት በኩል ነው? ከአፍደም ይርቃል?»

ኢፍራህ በሶማልኛ መለሰችላቸው፤ ረጅም ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ምን እንዳለቻቸው ልነግራችሁ አልችልም። አሥራ አራት ዓመት ጅጅጋ ስኖር ሶማልኛ አልተማርኩም።