ሦስተኛው ሽማግሌ ጠርሙስ ነበር

ስለ ረሃብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጥም ግን የጻፈ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱ አይጠፋችሁም። የተራበ ሰው ቁጭ ብሎ ያማርራል፤ የተጠማ ሰው ግን ብዕር የሚይዝበት ትዕግሥት የለውም። እኔ ዛሬ ጠጥቼ ረክቻለሁና እስቲ ልጻፍለት።

የጆሃንስበርግን ጥር የማታውቁ ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። እኛ አገር ጥር ማለት ጠዋቱ ብርድ ብርድ የሚል፣ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሠርግ የሚሆን ወር ነው። እዚህ ዓመቱ ራሱ ተገልብጦ ስለተቀመጠ ጥር የሙቀቱ ጣሪያ ነው። እዚህ ሰዎቹ የትራፊክ መብራቱን ሮቦት ይሉታል። ባለፈው ጥር ዱርንፎንቴን በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ሱቄ ፊት ለፊት የቆመው ሮቦት ቀዩ በቢጫው፣ ቢጫው በአረንጓዴው ላይ ቀልጦ ሲንጠባጠብ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምስክር አምጣ እንዳትሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሄዶ ነበር።

በእንዲህ ያለ ቀን ምን ይጠጣል? ለስላሳ ትሉኛላችሁ። ለስላሳ የንብ መጠጥ ነው። የፋብሪካ ቢራ ትሉኛላችሁ። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ጥሩ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ምን ምን እንደሚል እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ለእኔ ይህን ጥያቄ የመለሰልኝ ሉክ የሚባል ቤልጂየማዊ ነው። እኔ ዱርንፎንቴን ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። አዎን፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ። ስለዚህ ለጨዋታ ጊዜ አለኝ። ሉክ ደግሞ ከሱቄ ጎን ያለውን የድሮ ልብስ ስፌት ቤት ተከራይቶ፣ ከቁመቱ የሚበልጡ የብረት ጋኖች ደርድሮ ቢራ ይጠምቃል። የአገሩ ገበሬዎች ብርዱ እርሻውን በሚዘጋበት ወራት ጎተራ ውስጥ ያገኙትን እህል፣ ገብሱንም ስንዴውንም አጃውንም ጠምቀው ያስቀምጡ ነበር አለኝ። ሙቀቱ ሲመጣና አጨዳ ሲደርስ፣ ለሥራው ከየአገሩ ለሚሰበሰቡት አጫጆች ያንን ያጠጣሉ። ስሙንም ሴዞን ይሉታል፤ ወቅት እንደማለት ነው። ዓላማው አጫጁ እንዲሰክር አልነበረም፤ ወደ ማጭዱ እንዲመለስ ነው።

መልኩ የገለባ ወርቅ ነው፤ ትንሽ ደፍረስ ይላል። አረፋው ተነፋፍቶ ይቆምና ቶሎ አይወርድም። አፍንጫ ላይ የብርቱካን ልጣጭ፣ ምላስ ላይ ቁንዶ በርበሬ የነካካው ይመስላል። ጉሮሮ ላይ ደግሞ ደረቅ ብሎ ይወርዳል፤ ጣፋጭ ነገር አፍ ላይ ለጥፎ አይሄድም። ማቀዝቀዣ ካልገባሁ ብሎም አይኮራም፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ የዋለ ይበቃዋል። መጀመሪያ የቀመስኩት ቀን የጉልበቴ ሪህ ለቆኝ ወጣና እስከ ማግሥቱ ሳይመለስ ቀረ።

«ይሄማ የደቦ ጠላ ነው» አልኩት ሉክን። ደቦ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀብኝ። ብርድ ልብስ የሚጠይቅ ሰው ስላልመጣ ማንም አልተጎዳም።

አንድ ቀን ጠዋት ሉክ ጸጉሩን አበጥሮ ሱቄ ገባ። ጠማቂ ጸጉሩን ካበጠረ ነገር አለ። ለካ የወዳጄን የአቶ ታደሰን ልጅ፣ ሐኪሟን ሰላምን ወድዶ ኖሯል፤ እሷም ወድዳዋለች። እሷ ቀደም ብላ ደውላልኛለች። «ጋሼ፣ አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም፤ ሉክንም አልተውም። እንግዲህ እንደሚያደርጉ ያድርጉ» አለችኝ። ሐኪም ናትና ማዘዝ ትችላለች።

ሉክ ወላጆቹ አርፈዋል፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድለት ዘመድ የለውም። ስለዚህ እኔ ዘመዱ ሆንኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ላምቤቦ ነው፤ የሆሳዕና ሰው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን ዓይነት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው። የላምቤቦ ጠባዩ የነገሩትን እንደነገሩት መፈጸም ነው፤ አንድ ቃል አይጨምርም፣ አንድ ቃል አይቀንስም። ሦስተኛው ቄሱ ነበሩ፤ በዕለቱ ክርስትና ገጠማቸውና ቀሩ።

ልንወጣ ስንል ሉክ አንድ ትልቅ ጠርሙስ፣ ቡሹ በሽቦ የታሰረ፣ አመጣ። ሽማግሌ ቃል እንጂ ዕቃ ይዞ አይሄድም አልኩት። «ቃሉንም ውሰዱ፣ ይሄንንም ውሰዱ» ብሎ ለላምቤቦ ሰጠውና አቀዳዱን ማስረዳት ጀመረ። እኔ ከረባቴን እያሰርኩ ስለነበር አልሰማሁም።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መብራት ጠፍቷል፤ የአቶ ታደሰ ሳሎን ውስጥ ማራገቢያው ክንፉን ዘርግቶ እንደ ሞተ አሞራ ተሰቅሏል። አቶ ታደሰ የጎጃም ሰው ነው፣ የከባድ መኪና መለዋወጫ ነጋዴ። ባለቤቱ ወይዘሮ አስናቀች ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታስተምራለች። ሁለቱም ለምን እንደመጣን ያውቃሉ፤ ሁለቱም እንደማያውቅ ሰው ተቀምጠዋል።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አቶ ታደሰ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ።

«እንግዲያስ ጉሮሯችሁን አርጥቡ።»

«መልስ ሳናገኝ እህል ውሃ አንቀምስም።»

ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ደጋ የተወለደ መሆን አለበት። ላቤ ከአንገቴ ተነስቶ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ እሰማዋለሁ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ፣ የሉክን ደግነት የተናገርኩት በአፍንጫዬ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አለ አቶ ታደሰ።

«ጠማቂ ነው። የገበሬ ቢራ ይጠምቃል።»

«እናቱ ናቸው የሚጠምቁት?»

«ራሱ ነው።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ አስናቀች? ሐኪም አሳድገን ለጠላ ጠማቂ ልንድር ነው። ያውም ለወንድ።»

«እኔን ለመለዋወጫ ነጋዴ ሲድሩኝ አባቴ ያሉትን ልንገርህ እንዴ?» አለች ወይዘሮ አስናቀች፣ ማራገቢያዋን ሳትተው። ማራገቢያዋ የተማሪ ፈተና ነው።

አቶ ታደሰ ይህንን እንዳልሰማ አለፈና ላምቤቦን አየው። «እሱ ምንድን ነው እንደ አራስ ልጅ የታቀፍከው?»

«ሦስተኛው ሽማግሌ ነው» ብዬ ቀደምኩት። «ቄሱ ስለቀሩ ነው።»

«እናንተ አንጠጣም ካላችሁ እሱን ልስማው። በል ቅዳ።»

ላምቤቦ ሽቦውን ፈታ። ቡሹ ጮኸና በመስኮቱ ወጣ፤ ፕሪቶሪያ አካባቢ ወድቆ ያገኘው ሰው ካለ የእኛ ነው። አቶ ታደሰ ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ።

«ጤፍ አጨዳ ላይ አባቴ ደቦ ሲጠራ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ጠላው በገንቦ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ የጠጣ ሰው ወገቡ አዲስ ይሆናል። እንዲህ ነበር የሚለው። እንዲሁ ደረቅ ያለ።»

ሁለተኛ ተቀዳለት። እኛ ቆመን እናያለን። ከብርጭቆው አፍ የፈሰሰውን አረፋ በዓይኔ ላስኩት። አቶ ታደሰ ፊቱ ተፈታ፣ ትከሻው ወረደ፤ እኔም ሠርጉን በልቤ ደግሼ ሙሽራ ማጀብ ጀመርኩ።

ይህን ጊዜ ላምቤቦ፣ ቃል የማይቀንሰው ላምቤቦ፣ የቀረችውን ጥቂት ቢራ ከነጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ አንከባለላት። ቀስ ብሎ ወዲያ፣ ቀስ ብሎ ወዲህ። ከዚያ አነሳና ከታች ተኝቶ የኖረውን ሁሉ፣ ድፍርሱን፣ ቡናማውን፣ አቶ ታደሰ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠው።

አተላ።

አተላ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አተላ ለከብት ነው። ለሰው የቀዱለት ዕለት ከዚያ ሰው ጋር ያላችሁ ነገር አበቃ። ያ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሁላችንንም ያየን ጀመር።

«ላምቤቦ።»

«አቤት ጋሽ ታደሰ።»

«ልጄን ልትጠይቀኝ ቤቴ ቆመህ፣ አተላ ትቀዳልኛለህ?»

«ልጁ ነው ያለኝ። መጨረሻውን አንቅተህ ለትልቁ ሰው ቅዳለት፣ ምርጡ እሱ ነው ብሎኛል።»

«እሰይ። እንግዲህ ትልቁ ሰው መልሱን ሰጥቷል በሉት» ብሎ አቶ ታደሰ ተነሳ። ወደ በሩ ሄደ፣ እጁንም መዝጊያው ላይ አደረገ። የሰላም ድምፅ ብቻ ጆሮዬ ላይ አለ፤ አባቴ ሳይመርቀኝ ያለችው።

ወይዘሮ አስናቀች ፈተናዎቿን አስቀመጠች። ብርጭቆውን አንስታ አሸተተችው።

«ታደሰ፣ ይሄ እርሾ ነው።»

«አተላ ነው እንጂ ምን እርሾ አለው።»

«ሁለቱም አንድ ጋን ውስጥ ነው የሚተኙት። እኛ የምንደፋውን እነሱ ለክብር ይቀዱታል ማለት ነው። እዚህ አገር የመጣን ሰሞን ሊጡ አልነሳ ብሎኝ ሳለቅስ፣ እርሾ ያመጣልኝ ማን ነው?»

አቶ ታደሰ መዝጊያውን ጨበጥ አደረገው።

«እጠይቅሃለሁ እኮ።»

«የላምቤቦ ሚስት» አለ፣ ለበሩ።

«በምን አመጣችው?»

«በማርማላታ ብልቃጥ። ከቮስሎሩስ፣ ታክሲ ላይ ታቅፋ።»

«ያን ቀን ምን አልክ?»

አቶ ታደሰ መዝጊያውን ለቀቀ። «እርሾውን የሚሰጥ ዘመድ ነው አልኩ። ዘመድ አገኘን አልኩ።»

«መንገድ ላይ ገንፍሎባት ነበር» አለ ላምቤቦ፣ ወለሉን እያየ። «የሾፌሩን መቀመጫ አበላሸው። እስከ ዛሬ አይጭናትም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ወይዘሮ አስናቀች ናት። አቶ ታደሰ አልሳቀም። ተመልሶ መጣ፣ ብርጭቆውን ከሚስቱ እጅ ተቀበለ፣ ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ጢሙን ጠረገ።

«ተቀመጡ» አለ።

ደንቡን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ምርቃት ብቻ ነው። አንዲት ነገር ግን አስቀርቷል። «ወንድ ጠማቂ መሆኑን ጎጃም ላሉት እኅቶቼ የምትነግሩልኝ እናንተ ናችሁ።» እስካሁን አልነገርንም። የእኅቶቹን ስልክ ሁለታችንም እየሸሸን ነው።

አሁን መጠጣት ተፈቀደልን። ጠርሙሱ ባዶ ነው። ማቀዝቀዣው መብራት የለውም። ወይዘሮ አስናቀች ተሳቅቃ የሞቀ ለስላሳ አቀረበችልን። እንደ ንብ ጠጣን።

እንግዲህ ሠርጉ አልፏል። ወይዘሮ አስናቀች ያን ዕለት ጠርሙሱን በትንሽ ውሃ አለቅልቃ የቀረውን እርሾ ብልቃጥ ውስጥ ማስቀረቷን የሰማሁት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት የሚጠመቀው ጠላ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። አማትና አማች ጠላ ነው ቢራ ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ አቶ ታደሰ በመሃል ሁለቱንም እየጠጣ ይዳኛል፣ ፍርዱንም አይሰጥም።

እኔም ተመስገን ነው። የማላውቃቸው ገበሬዎች በማላውቀው ብርድ ጠምቀው ባያስቀምጡ፣ አንዲት ሴት ከቮስሎሩስ ብልቃጥ ታቅፋ ታክሲ ባትሳፈር፣ የእኔ የሽምግልና ስም በዚያ በር ወጥቶ ቀርቶ ነበር። ሉክ ይህን ውለታ አልረሳም። ሱቄን ስዘጋ ጠብቆ ይጠራኛል፣ ጠርሙሱን ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል፣ የመጨረሻውን ድፍርስ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ይሰጠኛል። ስንት ዘመን ለፍቼ፣ ስንት ሰው አስታርቄ፣ በየማታው አተላ የሚቀዳልኝ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ይጣፍጣል።