ከጅቢት ጋር የታሰረችው ደመና

ተረት ተረት! «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉት፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችበትም።

ድሮ፣ ደመና እንደ ፍየል በገመድ በሚታሰርበት ዘመን፣ አንድ ጫካ ነበረ። ውሃ የፈለገ አውሬ ተራራው ጫፍ ወጥቶ ያፏጫል፤ ደመና ይመጣለታል፤ በሐረግ አስሮ ቤቱ ይወስደዋል። ሲበቃው መፍታት ነው። መፍታቱን ግን ማን ያስታውሳል! ዝሆን ገላውን ሊታጠብ የጠራውን ደመና ረስቶት ሄዶ፣ ደመናው ክረምቱን ሙሉ አንድ ድንጋይ ሲያጥብ ከረመ። ሐረጉ እርስ በርሱ ተተብትቦ ቀጭኔ ሁለቴ ታንቃ ለጥቂት ተረፈች። ሰማዩ ላይ የቀረው ደመና ሲመናመን አንበሳ ጉባኤ ጠራ።

«ይሄ ነገር አደረጃጀት ይፈልጋል!» አለ።

አደረጃጀት ምን እንደሆነ ያወቀ ባይኖርም ሁሉም አጨበጨበ። ሥራው ለጉሬዛ ተሰጠ። ለምን ለጉሬዛ? ነጭ ካባ ስላለው ነዋ!

ጉሬዛ ግን ካባ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ይገባዋል። «ለአንድ ጉዳይ የመጡ ደመናዎች በአንድ ቋጠሮ ይታሰራሉ» አለ። «ጉዳዩ ሲያልቅ ቋጠሮውን አንዴ መፍታት ነው፤ ሁሉም ይሄዳሉ። ተረስቶ የሚቀር የለም።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። አውሬዎቹ ግን ጉዳዩን ትተው ዘመድ መፈለግ ጀመሩ። ቀንዳሞቹ «ቀንድ ከሌለው ጋር አንታሰርም» አሉ። ዥንጉርጉሮቹም ማኅበር አቋቋሙ፤ ነብርና ጅግራ በአንድ ቋጠሮ ገቡ፤ ጅግራዋን ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

ረግረጉ ዳር ቋቂት የምትባል እንቁራሪት ትኖር ነበር። የጎመን ቅጠል የምታህል አንዲት ደመና ነበረቻት። ያቺ ደመና ጠዋት ጠዋት ጠብ ጠብ ካላለችላት ኩሬዋ ይደርቃል። ኩሬው ውስጥ ደግሞ ገና እግር ያላበቀሉ፣ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ልጆቿ አሉ።

«ያንቺ ከኤሊና ከአልቅት ጋር ነው» አላት ጉሬዛ። «ሁላችሁም ጉዳያችሁ ኩሬ ነው።»

ቋቂት ጉንጯን ነፋች። «እኔ? አጥንት ከሌለው ፍጡር ጋር? በሞትኩት ጋሽዬ፣ ከእመት ጅቢት ጋር እሰርልኝ።»

እመት ጅቢት ያኔ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ጅብ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ዝናብ ካልዘነበ አትወልድም፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ የእሷ ቋጠሮ የጫካው ቁንጮ ነበር፤ አንድ የሚያካፋ ደመና፣ አንድ ፀሐይዋን በግማሽ የሚከልል፣ አንድ ደግሞ ምጧ እንዳይሰማ የሚያጉረመርም። ንፋስ እንኳ በዚያ ሲያልፍ ጎንበስ ይል ነበር።

«የእሷ ጉዳይ መውለድ ነው፤ ያንቺ ኩሬ ነው። ምን አገናኛችሁ?»

«ጎረቤት ነና!»

«ስትወልድ ይፈታል። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ገባኝ! እሰራት ብቻ!»

የገባት ነገር የለም። ወዲያው ኤሊ ዘንድ ሄዳ «እኛ እነ ጅቢት እኮ…» ማለት ጀመረች።

«እኛ ማለት እነማን?» አለቻት ኤሊ አንገቷን አውጥታ።

«እኛ ነና! አንድ ቋጠሮ ነን።»

ኤሊ አንገቷን መልሳ አስገባች።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ፍንትው እንዳለች ዝናብ ወረደ። ጅቢት ወለደች! ጫካው እልል አለ። ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው ቋቂት ነበረች፤ ጉንጯ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። እልልታዋን ሳትጨርስ ጉሬዛ ካባውን ሰብስቦ ተራራው ላይ ወጣና ቋጠሮውን ፈታው። የሚያካፋው ሄደ። የሚከልለው ሄደ። የሚያጉረመርመው እያጉረመረመ ሄደ። የጎመን ቅጠሏም ተከትላቸው እብስ አለች።

«ኧረ የኔን! ያቺ የኔ ናት! እኔ መች ወለድኩ?» እያለች ቋቂት ዘለለች። ዝላይዋ ደመና አይደርስም።

«ቋጠሮው አንድ ነው እኮ፣ ቋቂቴ» አላት ጉሬዛ።

«ሌላ ጥራልኛ!»

«ሰማዩን እዪው።»

ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጭው ብሏል። ቋቂት ወደ ጅቢት ሮጠች።

«እመት ጅቢት፣ እኔ ነኝ! የቋጠሮዎ ሰው!»

ጅቢት ልጆቿን እያጠባች አንድ ዓይኗን ገለጠች። «የምን ቋጠሮ? እስቲ ጠጋ በይ ልይሽ። ከወለድኩ እህል አልቀመስኩም።»

ቋቂት በመጣችበት ተመለሰች፤ እንዲያውም ከመጣችበት ፈጠነች። ኩሬዋ ጭቃ ሆኖ፣ ልጆቿ ጭቃው ላይ ጭራቸውን ያወራጫሉ። ጀርባዋ ላይ ጭናቸው፣ ወድቀው የቀሩትን በአፏ ለቃቅማ፣ እነ ኤሊ ኩሬ ደረሰች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እነ ጅቢት!» አለች ኤሊ።

«ልጆቹ ይግቡ» አለ አልቅት። «አንቺ ግን መግቢያሽን ትከፍያለሽ። እስቲ ያን እግርሽን ወዲህ በይው።»

ቋቂት እግሯን ዘረጋች። አልቅት ሲመጠምጣት ጥርሷን ነክሳ፣ ጥርስ እንኳ የላትም፣ ልጆቿን ሰብስባ እንዲህ አለቻቸው፦

«ልጆቼ፣ አድጋችሁ ከትልቅ ሰው ጋር እንሰራችሁ ሲሏችሁ፣ ‹ማን ነው?› ብላችሁ አትጠይቁ። ‹መቼ ነው የሚፈታው?› ብላችሁ ጠይቁ።»