ሰርቨሩ ዱዓ የተደረገለት ዕለት

«አለሁ» እያለ የማይመልስን ነገር ምን ታደርጉታላችሁ? ሰው ቢሆን ውኃ ትደፉበታላችሁ። ሰርቨር የሚሉት ሣጥን ግን፣ ሐይቅ ዳር እየኖረ እንኳ ውኃ አይወድም!

እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጃቫ የሚባለውን ያወቅሁት በአሳ ሽታ ነው። የአስጋሪዎች ማኅበራችን «የደሴ ሆቴሎች በሰርቨር ይዘዙን» ብሎ ወሰነ፤ የአጎቴ ልጅ ዘይነብም በጠዋት መጥታ ማሽኑ ላይ በአሮጌው ፈንታ አዲሱን ጃቫ፣ ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም፣ ስትተክል አረፈደች። ትእዛዝ ካልገባ መኪናው አይነሳም። በረዶው እየቀለጠ ነው፤ እኛም አብረን። አስጋሪው ዑመር አንዴ አሳውን፣ አንዴ መንገዱን እያየ መሬቱን በእግሩ ሲቆፍር፣ ትንሽ ቢቆይ ሁለተኛ ሐይቅ ባፈለቀ ነበር።

«ምን ይላል?» አላት።

«ትእዛዝ የሚገባበት በር አለ፤ አዲሱ ጃቫ ሊቀመጥበት ሲል ማሽኑ ተይዟል ይለዋል።»

«ማን ያዘው?»

«እሱን ባውቅ እዚህ አለቅስ ነበር፣ አያ ዑመር?»

እኛ ወሎዬዎች ነገር ሲጠብቅብን ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ሸህ ሙሄ ተጠሩ። የልጅነት ባልንጀራቸው መሪጌታም «አሜን የሚል ሰው አይጠፋም» ብለው ተከትለው መጡ። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ሲጀምሩ፣ ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

«ዱዓ ላይ? አደብ የለውም እንዴ!» አለና ዑመር ከሶኬቱ መንጭቆ ነቀለው።

ዘይነብ የጮኸችው ጩኸት ውጫሌ ሳይሰማ አልቀረም። ዱዓው ግን አይቋረጥም፤ አልተቋረጠም። መሪጌታ በዚያ ማኅሌት በለመደ ጉሮሯቸው «አሜን!» ሲሉ ጣሪያው ተነቃነቀ። ካበቃ በኋላ ማሽኑ ተሰካ።

ወላሂ፣ ትእዛዝ ገባ!

«የድሮው ጃቫ ደንዝዞ በሩ ላይ ተቀምጦ ኖሯል! ሲነቀል ሞተ!» ብላ ዘይነብ እየሳቀች ዕንባዋን ጠረገች። የጠዋቱ አሳ በሩጫ ተጫነ፤ ዑመርም ተነፈሰ።

ትንፋሹን ሳይጨርስ ሌላ ትእዛዝ ገባ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ለካ የሆቴሎቹ ማሽን መልስ ሲያጣ ያንኑ ትእዛዝ ይዞ ሲያንኳኳ ነው የዋለው፤ የእኛው ደግሞ እያንዳንዱን ኳኳታ አዲስ እንግዳ ብሎ ይቀበላል። ሐይቁን ሁለቴ ብናልበው የማይሞላ አሳ ተፈለገብን።

ሸህ ሙሄ ስክሪኑን አዩ፤ ቀስ ብለው ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ያለው አሜን ሲል ትንሽ ቀነስ አያደርግም?»