የክብር ሳህን

በእኛ አገር ሰውን ማራቅ ስንፈልግ አናባርረውም፤ እናከብረዋለን። ወንበር እንለቅለታለን፣ ለብቻው እናስቀምጠዋለን፣ «እርስዎ አይድከሙ» እንለዋለን። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ጭካኔ ነጠላ አልብሶ እንደሚያዞር እናንተም አታጡትም።

አሰላ፣ እኔ በምሰግድበት መስጊድ፣ ረመዳን ሲገባ አብረን እናፈጥራለን። ቴምሩና ሾርባው ካለፈ በኋላ ገንፎው በሰፊ ሳህን ይመጣና ሰባት ስምንት ሆነን እንከበዋለን። ከመሃላችን ጋሽ ከድር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከኢተያ ስንዴ ሲጭኑ የኖሩ ሾፌር፣ ጨዋታቸው ከቅቤው የሚጥም ሽማግሌ።

ሼሃችን ኤችአይቪ በደማቸው ላለባቸው ሰዎች መረዳጃ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ሰው ግን እየተደበቀ አስቸገራቸው። አንድ ጁምዓ ጋሽ ከድር ተነሡና «እኔ አለብኝ። ሐኪሙን ጠይቄ፣ መድኃኒቴን ካፈጠርኩ በኋላ እየዋጥኩ እጾማለሁ። የተደበቃችሁ ውጡ፤ ብቻችሁን አትሙቱ» አሉ። «ማሻአላህ» አልን። ያለቀስንም ነበርን።

የዚያኑ ዕለት ማታ የጋሽ ከድር ገንፎ በትንሽ ሳህን ለብቻ መጣ።

«ምነው፣ ዛሬ እንግዳ ሆንኩ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ለክብርዎ ነው» አላቸው አቅራቢው።

ሼሁ ማንኪያቸውን ይዘው ሄዱና ከጋሽ ከድር ሳህን ይበሉ ጀመር። እኛ አቀረቀርን። ትምህርቱ የገባን መስሏችሁ ይሆናል። በማግስቱ ለሼሁም ለብቻ ቀረበላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ከድር ለኢፍጣር አልመጡም። ሼሁ ቤታቸው ድረስ ሄደው ቢለምኗቸው «እርስዎን ከሰው አልለያይም» አሏቸው። ማኅበሩም አዲስ ሰው አላገኘም፤ የተደበቁት ሁሉ የሳህኑን ነገር ሰምተዋላ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በሽታው በማዕድ እንደማይተላለፍ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ኅሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ አንድ ቀን መግሪብ ሲቃረብ አብሬያቸው ላፈጥር ጋሽ ከድር ቤት ሄድኩ። ደስ አላቸው። «ባጋ ዱፍቴ፣ ና ግባ መምህር» ብለው አስቀመጡኝና ገንፎውን ራሳቸው አቀረቡ፤ አንዱን ሳህን ከእኔ ፊት፣ አንዱን ከራሳቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ለየብቻ?» አልኩ፣ ለወጉ ያህል።

«ለክብርህ ነው» አሉኝ። አልቀለዱም፤ ምሬትም አላየሁባቸውም። የራሳቸውን ሳህን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉና «ቢስሚላህ» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እፎይ አልኩ።