ከካባው ውሃ እስከ ግድቡ

ጀልባ ተሸክመህ ታውቃለህ? አቃቂ ላይ ተቀምጦ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ምን ነካው ትል ይሆናል። እኔ ግን ተሸክሜያለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ትከሻዬ ያስታውሰኛል።

ነገሩ የሆነው ሞባይል በየሰዉ ኪስ ሳይገባ፣ ገላንም ላይ ኮንዶሚኒየም ሳይቆም ነው። ሚስቴ አስናቀች የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ቤት ሄዳለች፤ ወጉ ነዋ። ቤቱ ያለው ከአባ ሳሙኤል ግድብ ማዶ ነው። አማቴ እማማ ወርቄ ደግሞ እኔን ብዙም አይወዱኝም። ጸሎቴን ሳላደርስ ከቤት ስለማልወጣ የትም አርፍጄ ነው የምደርሰው። በሠርጌ ቀን ማርፈዴን እንኳ እስካሁን አልተዉልኝም።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ከማዶ የተጣራ ሰው መልእክት ከአፍ አፍ ተቀባብሎ ደረሰኝ። አስናቀች ከትናንት ጀምራ ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ አልወርድ ብሏል፤ መሻገሪያውን ደራሽ ውሃ ወስዶታል፤ ወደ ውሃው ዳር በቃሬዛ እያወረድናት ነውና አንድ ነገር ፈልጉ አለ። ክሊኒኩ ያለው ከወዲህ ነው።

ጎረቤቴ ከድር፣ የስልጤው ባለሱቅ፣ ሱቁን ዘግቶ መጣና ካባው ውስጥ ጀልባ አለች አለኝ። ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ክረምት ሲሞላ ሐይቅ ያክላል፤ ጎረምሶች ሊንሳፈፉባት ከላሜራ ያስበየዷት ጀልባ እዚያ ነበረች። ከካባው እስከ ግድቡ ያለው ግን መንገድ አይባልም። መጀመሪያ ድንጋያማ ዳገት፣ ከዚያ እግር የሚውጥ ዋልካ።

ሁለት ጎረምሶች ከኋላ፣ እኔና ከድር ከፊት ሆነን ገልብጠን ተሸከምናት። ጭንቅላታችን ውስጧ ገብቷል፤ ከእግራችን በቀር የምናየው የለም። ላሜራው ትከሻዬን እንዳይቆርጠኝ ጋቢዬን ጠርዙ ላይ ጣል አድርጌ ነበር፤ ነፋሱ አንስቶ ላይዋ ላይ አነጠፈው። አራት ሰው፣ ረዥም ነገር፣ ከላይ ነጭ ጋቢ። ምን እንደሚመስል አንተ ገብቶሃል። እኔ የት አይቼ?

"ማርያም፣ አንቺው ድረሽላት" እያልኩ እሄዳለሁ። ከድርም በሱ በኩል ይለምናል። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን ኮቴ በዛ። ከዚያ ሳግ። የእኛ ሰው መቼ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል? ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተላል፤ መጠየቅ ከቀብር በኋላ ነው። አንዱማ ሊያግዘን ጎንበስ ሲል ጀልባ መሆኗን አየ፤ ግን ትከሻውን አንዴ ሰጥቷል፣ ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ተሸከመ። እኔ በድንጋጤ ላብ አጠመቀኝ። ሚስቱ ልትወልድ ያለች ሰው ለቅሶ ይከተለዋል? አታልቅሱ ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ጀልባዋ ውስጥ ቀረና የከድርን ጆሮ ብቻ አደነቆረ።

ውሃው ከሚጠብበት ዳር ስንደርስ ከማዶ ሌላ ዋይታ ተነሣ።

"ወንድሜ፣ ያንተን ስም እየጠሩ ነው" አለኝ ከድር።

እማማ ወርቄ ናቸው። ጋቢውን ለሠርጌ የፈተሉት እሳቸው ናቸው፤ አረንጓዴ ጥለቱን ከማዶ ለይተውታል። "ጸሎተኛው ልጄ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ ለማን ትተኸኝ?" ይላሉ። እኔን ነው። እግዚአብሔር ይመስክር፣ እዚያው ከጀልባዋ ሥር ሆኜ ትንሽ ልስማ ብዬ ነበር። ግን አስናቀች አለች።

ከጀልባዋ ወጣሁና "እማማ፣ አለሁ" አልኩ።

ወዲያው ከቃሬዛው ዙሪያ እልልታ ቀለጠ። የአስናቀች ድንጋጤ ይሁን ማርያም፣ ልጄ ወርዳለች።

እኔና ከድር በጣውላ እየቀዘፍን ተሻገርን። አስናቀችን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት፤ ደክሟት ፈገግ አለች። አማቴ እንባቸውን ሳይጠርጉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንተ መቼ በሰዓቱ ደርሰህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጡኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አማትህ እንዲወዱህ ጠባይህን አሳምር የሚልህን አትስማው፤ ጭንቅላትህን ጀልባ ውስጥ ክተት።