ለሰባቱ ወታደሮች የገባ ስለት

እኛ የሸማ ተራ ነጋዴዎች በቀላሉ የምንታለል ሰዎች አይደለንም። ጉራ አይደለም፤ ቢሆንም ሥራችን ያመጣው ጉራ ነው። አንድ ሰው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ክር ቢያመጣልን ቃሉን አንሰማም፤ አንዲት ዘለላ መዘን ክብሪት እንጭርባታለን። አመድ ሆና የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተች ጥጥ ናት። ተኮማትራ ከደረቀች ግን ሰውዬው ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሌላ ተራ ይሄዳል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ በምራቃችን እናሻለን፤ ጥለቱን ገልብጠን በፀሐይ እናያለን። ታዲያ እነዚሁ ክብሪት ከኪሳቸው የማይጠፋ ሰዎች፣ ስልካቸው ላይ «ሰበር ዜና» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቅ ሲል ምን እንደሚነካቸው እንጃ፤ እንኳን ክብሪት ሊጭሩ መነጽራቸውንም አይወለውሉም። ነገሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም።

እኔ ተካ እባላለሁ፤ ክር ሻጭ ነኝ። ከክሩ ጎን ለጎን ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ የመደዳችን ዜና አንባቢ ሆኛለሁ። ጠዋት፣ ገበያተኛ ሳይበረክት፣ ከስልኬ ያየሁትን ለጎረቤት አሰማለሁ። ከጎኔ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡት እትዬ በላይነሽ ጆሯቸውን ይሰጡኛል። ከፊት ለፊቴ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ነጋዴው ወልዴ ግን ጆሮውን አይሰጠኝም፤ አፉን ነው የሚሰጠኝ። ወልዴ የራሱ ቻናል አለው። የሱ ቻናል በጣም ያዳላል። የኔ ግን እውነቱን፣ ያውም ልክ እኔ እንደማስበው አድርጎ ይናገራል። ወልዴም ስለ እኔ ቻናል የሚለው ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቻናሌ ስሙን አስተካክለን መጥራት ከማንችለው ሩቅ አገር የመጣ የጦርነት ቪዲዮ ለቀቀ። ሰባት ወታደሮች በተሰበረ ድልድይ ላይ ተከበዋል። ዝናብ ይዘንባል፤ ከወዲያም ከወዲህም ይተኮሳል። አንደኛው እግሩን ተመቶ ያነክሳል፤ ሌላው ደግፎ ይጎትተዋል። ቪዲዮው እዚያ ላይ ተቋረጠ። «ጀግኖቹ እስከ መጨረሻዋ ጥይት!» ይላል የኔው ጋዜጠኛ ድምፁን አወፍሮ። ወልዴም ስልኩን ከፈተ። ያው ድልድይ፣ ያው ዝናብ፣ ያው አነካሽ። የሱ ጋዜጠኛ ግን «ወራሪዎቹ ወጥመድ ገቡ!» ይላል። እኔና ወልዴ አንገት ለአንገት ልንያያዝ ምንም አልቀረን፤ እኔ ጀግኖች ናቸው ስል፣ እሱ ወራሪዎች ናቸው ሲል፣ ሁለት ገበያተኛ ሳናስተናግድ አለፈን። አንዳችንም ግን ምስሉን ማን እንዳነሳው አልጠየቅንም። በዚያ ሁሉ ጥይት መሃል ከወታደሮቹ ትከሻ ጀርባ እግር በእግር እየተከተለ የሚቀርጸው ሰውዬ ማነው? አሁን ሳስበው፣ እንደዚያ ያለ ደፋር ካሜራማን በዓለም ላይ አልተፈጠረም። ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም።

እትዬ በላይነሽ የማንም ወገን አልነበሩም። ስልኬን ከእጄ ተቀብለው ካዩ በኋላ «የማን ልጆች ይሆኑ?» ብቻ አሉ። ቀጥለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሹክሹክታ፣ «ገብርኤል፣ ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት ያወጣህ፣ እነዚህንም ሰባቱን በሰላም አውጣልኝ። ለንግሥህ ጃንጥላ ከነዘርፉ አገባልሃለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው።

እትዬ በላይነሽን ስለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። በዋጋ ሲከራከሩ ደንበኛን ላብ በላብ ያደርጋሉ፤ በስለት ግን ቀልድ አያውቁም። ተስሎ ያስቀረ ሰው መዓት በገዛ እጁ ይጠራል ብለው ነው ያደጉት፤ እስከ ዛሬም አንዲት ሻማ እንኳ ተስለው ያስቀሩበት ጊዜ የለም።

በነጋታው ቻናሌ ቀጣዩን ክፍል ለቀቀ። ሰባቱም ወጡ! አነካሹም ጭምር! እትዬ በላይነሽ እልልታውን አቀለጡት፤ ጋቢ ሊገዛ ቆሞ የነበረ አንድ ሰው ዋጋ የቀነሱለት መስሎት ደስ አለው። ያን ቀን ቀይ ከፈይ አስቆረጡ፤ ሰፊ ፈለጉ፤ ለዘርፉ የሚሆነውን የወርቅ ቀለም ክር እኔ አዋጣሁ። ዜናውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁ? በበረከቱ ድርሻ ይገባኛል ብዬ ነዋ።

ጃንጥላው ሊያልቅ ሲቃረብ እትዬ በላይነሽ ቪዲዮውን ለንስሐ አባታቸው ሊያሳዩ አሰቡ። «ወደ ስልኬ ገልብጥልኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዜና ማንበብ እንጂ መገልበጥ አልችልም፤ ስለዚህ ዱባይ ተራ፣ ስልክ ጠጋኙ ናስር ጋ ይዣቸው ሄድኩ። ናስር የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ቅን። ስልኬን ተቀብሎ ቪዲዮውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጋሼ ተካ! እርስዎም ይሄን ጌም ይጫወታሉ እንዴ?»

«የምን ጌም?»

«ይሄ ነዋ! የድልድዩ ደረጃ። ወላሂ፣ እኔ እዚህ ድልድይ ላይ ስንቴ ሞቻለሁ መሰለዎት! የተጫወተው ሰው ግን ጎበዝ ነው፤ ሰባቱንም አሳልፏቸዋል።»

አላመንኩትም። ከናስር ይልቅ ቻናሌን አመንኩ፤ ይህን ስጽፍ በራሴ አፍራለሁ። እሱ ግን ክርክር አልፈለገም፤ ጥግ ላይ ያለውን ስክሪን ከፍቶ ጌሙን አስነሳው። ያው ድልድይ መጣ። ያው ዝናብ ዘነበ። አነካሹ ናስር በጣቱ እንዳዘዘው አነከሰ። ደፋሩን ካሜራማን ፍለጋ ዓይኔን ወዲያና ወዲህ አንከራተትኩ፤ የለም።

እትዬ በላይነሽ የደንበኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ቀብሬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ግን ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዲስ ሽመና የሚመረምሩ ይመስል ጠየቁ።

«እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም ማለት ነው?»

«የላቸውም እትዬ። ሥዕል ናቸው።»

«ሲሞቱስ?»

«ካቆሙበት ይጀመራል።»

«ታዲያ ማነው ያወጣቸው?»

«ያ የሚጫወተው ሰውዬ ነዋ። የት አገር እንዳለ እንጃ።»

እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቀሉ። ከዚያ ለናስርም ለእኔም ያልሆነ ንግግር ተናገሩ። «ለልጅ ብዬ ስሳል አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አለኝ። ለጨዋታ ብሳል በነጋታው ሰማኝ።»

ናስር ስክሪኑን አጠፋው። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ያስጨነቀኝ ግን የእሳቸው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና፣ ወልዴ ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል የሚለውም ነበረበት። እትዬ በላይነሽ ቀድመው ሲወጡ ናስርን በክንዱ ይዤ «በፈጠረህ፣ ይህን ነገር ሸማ ተራ እንዳታደርሰው» ብዬ ለመንኩት። እሱም፣ «እኔ ምን አገባኝ ጋሼ፤ ግን በኛም በኩል ስለት ከአፍ ከወጣ ቀላል ነገር አይደለም፤ እትዬ ሰው ይጠይቁ» አለኝ።

ሊጠይቁ ሄዱ። ንስሐ አባታቸው አብነት አካባቢ ነው የሚኖሩት፤ ከዚያው ቀጥ ብለን ደረስን። እትዬ በላይነሽ ሁሉንም ተናገሩ፤ ድልድዩን፣ ዝናቡን፣ ሥዕሎቹን። ስለቱን ባላስገባ እቀሰፋለሁ፣ ባስገባ ደግሞ በቅዱሱ ላይ መቀለድ ይሆንብኛል አሉ። ጌም ምን እንደሆነ ለአባ ሁለት ጊዜ አስረድቻቸው አልገባቸውም፤ በሦስተኛው በእጃቸው አስቆሙኝና ወደ እትዬ በላይነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጃንጥላውስ ጨዋታ ነው?»

«አይደለም አባቴ፤ ከፈይ ነው።»

«ልመናሽስ?»

«ከአንጀቴ ነበር።»

«እንግዲያው አምጪው። እውነቱን ብቻ ተናግረሽ አስገቢ።»

እኔ ስለ ሃይማኖት ብዙ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሚደርስ ዓይነት ነኝ። ግን መንገዱን ሁሉ አሰላስለው ነበር። ሰባት ሥዕሎች ለማዳን የተጸለየ ጸሎት የት ይሄዳል? ተመልሶ ይመጣል? ወይስ ምናልባት ያን ጊዜ በእውነት የተከበበ ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል? እትዬ በላይነሽን ብጠይቃቸው «ያንን እሱ ያውቃል፤ አንተ ደግሞ ዜና ከማወጅህ በፊት እወቅ» ብለው ዘጉኝ። ተገቢ መልስ ነው።

የንግሡ ዕለት አብሬያቸው ሄድኩ። ስለት የሚያስገባው ሰልፍ እስከ ቅጥሩ በር ደርሷል፤ ሻማ የያዘ፣ ምንጣፍ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት። ስለት መዝጋቢው ጎልማሳ በግርግሩ መሃል «ስለ ምን ነበር እናቴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ሰባት ወታደሮች ከሞት ወጥተው ነው፤ ግን…» እንዳሉ ከኋላ ያለው በግ ገፈተራቸው። «ግን» ከበጉ ጋር ቀረች። መዝጋቢው የጻፈውን ለድምፅ ማጉያው ሰውዬ አቀበለ። ሰውዬው ጎርናና ድምፅ አለው፤ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እንዲህ ብሎ አወጀው፤

«እናታችን በላይነሽ! ሰባት ወንዶች ልጆቻቸው ከጦር ሜዳ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በሰላም ስለተመለሱላቸው ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል! እልል በሉ!»

አልዋሸም እኮ፤ ጨመር አደረገ እንጂ። እንዴት እንደሚደረግ እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የማናውቃቸው ሴቶች እትዬ በላይነሽን አቅፈው ሳሟቸው። «እሰይ፣ የሰባት ወንድ እናት! ማሕፀንዎ ይባረክ!» አሏቸው። አንዷ እያለቀሰች እጃቸውን አንስታ ፊቷን ዳበሰችበት፤ የሷ ልጅ ሄዶ የት እንደደረሰ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። እትዬ በላይነሽ ፈገግ ብለው ነበር። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ስንሸጥ ያንን ፊት አይቼው አላውቅም፤ ወጣት የሆኑ መሰሉኝ። ኋላ ሲነግሩኝ፣ «ውሸት እንደዚያ ይጣፍጣል ብዬ አላስብም ነበር። የሰባቱንም ስም ላወጣላቸው ጀምሬ ነበር» አሉ።

የሴትየዋን እንባ ሲያዩ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ጃንጥላውን እጄ ላይ ጣሉትና ሰልፉን ሰንጥቀው ወደ ድምፅ ማጉያው ሄዱ። ሰውዬው ተጨማሪ ስለት ያላቸው መስሎት ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠጋላቸው።

«እኔ ልጅ የለኝም» አሉ። ድምፃቸው በግቢው ሁሉ ተሰማ። «አልወለድኩም። ሰባቱ ወታደሮች የቪዲዮ ጌም ናቸው፤ እውነተኛ ልጆች መስለውኝ ነው የተሳልኩላቸው። ጸሎቴ ግን የእውነት ነበር። ጃንጥላውን ተቀበሉኝ፤ ውሸቱን አውጡልኝ። እዚህ ልጇ የጠፋባት እናት አለች፤ እልልታው በእሷ ስም ጸሎት ይሁንላት።»

የድምፅ ማጉያው ሰውዬ ራሱን አከከ። አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። እኔ ጃንጥላውን ታቅፌ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ያቺ ሴትዮ ከሰልፉ ወጥታ ወደ እትዬ በላይነሽ ሄደች፤ ትሰድባቸዋለች ብዬ ፈራሁ። ትከሻቸው ላይ ተደግፋ የልጇን ስም ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረው ቆመው ረዥም ጊዜ ጸለዩ። ጃንጥላው ገባ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በዕድሜዬ ስንት ዜና ሰምቻለሁ፤ የኔንም ቻናል፣ የወልዴንም። «ትናንት የተናገርነው ስሕተት ነበር» ሲል የሰማሁት የለም። ያንን ለመስማት የጋቢ ነጋዴ ያስፈልግ ኖሯል። አፈርኩ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ክፉኛ አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቆቹ ሲከፈቱ፣ እንደ ልማዴ መደዳው መሃል ቆምኩ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እትዬ በላይነሽ ጋቢ ማጠፋቸውን አቁመው አዩኝ።

«ስሙኝማ» አልኩ፤ «ከዚህ በፊት የነገርኳችሁ ዜና ውሸት ነበር።»

ወልዴ ከቀሚሶቹ መሃል ብቅ አለ። ሊያበሽቀኝ አልነበረም፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«የቱ?» አለኝ።