አላስገባም ባዩ ቪዛ ጠያቂ

[ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር፤ የተክለወልድ አንድ ክፍል ቤት። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ተክለወልድ ወደብ ላይ የጉምሩክ ወረቀት የሚያስፈጽም ትራንዚተር ነው፤ ኮንቴይነር ስላስወጣ ሰው ማስወጣትም የሚያቅተው አይመስለውም። ራሱ ቪዛ ጠይቆ አራት ጊዜ ተከልክሏል፤ ይህን ግን «ልምድ» ይለዋል። ፊቱ የቆመው ታምሩ የድሬዳዋ አብሮ አደጉ፣ የከባድ መኪና ጎሚስታ ነው። የታምሩ እህት ዓይናለም እዚሁ ከተማ የሠራችላቸውን ፈረንጆች ተከትላ ባሕር ተሻግራ ነበር፤ አሁን ልታገባ ነው። አባት የላቸውም፤ የሙሽራዋን በር የሚይዝ ወንድም ታምሩ ብቻ ነው። እሱም ባለፈው ወር የቱሪስት ቪዛ ጠይቆ ተከልክሏል። ዛሬ አንድ ቃል ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር የገባው፤ ተክለወልድ ግን የሰው አፍ ሲከፈት ካየ የራሱን የሚያስቀድም ሰው ነውና ለቀጣዩ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ያለማምደው ጀምሯል።]

ተክለወልድ፦ ሁለት ጊዜ ነው የሚንኳኳው አልኩህ! ሦስት ጊዜ ያንኳኳ ችግረኛ ነው።

ታምሩ፦ አቦ ተክሌ፣ የኤምባሲው በር እኮ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ማን ያንኳኳል?

ተክለወልድ፦ ይኸው! በዚህ አፍህ ነው የተከለከልከው። የመጀመሪያው ሕግ፦ ሳይጠየቁ አለመናገር!

ታምሩ፦ እኔ ዛሬ የመጣሁት ኮትህን…

ተክለወልድ፦ ጠየቅኩህ?

ታምሩ፦ አልጠየቅከኝም።

ተክለወልድ፦ ኮቱን ግን ደግ አሰብክ። ያለ ኮት የቀረበ ሰው ገና ሳይናገር ተከልክሏል። [ከሚስማር ላይ አውርዶ ያለብሰዋል። እጅጌው ክንዱ ላይ ይቀራል።] እጅህን አጠፍ አርግ፤ አይታወቅም። አሁን እኔ ቆንስሉ ነኝ። [ከወንበሩ ላይ ሆኖ አገጩን ያነሳል፤ አገር የሚሰጥና የሚነሳ ይመስለዋል።] ባለፈው ምን ጠየቁህ?

ታምሩ፦ ቆንስሉ «ለምን ትሄዳለህ?» አለኝ። የምታስተረጉመው ሲፈን ናት። «ለእህቴ ሰርግ» አልኩ። «እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

ተክለወልድ፦ «እጎበኛለሁ» አልክ።

ታምሩ፦ ኧረ! «በር ላይ ቆሜ ሙሽራውን አላስገባም እላለሁ» አልኩ።

ተክለወልድ፦ [ራሱን በሁለት እጁ ይዞ] ለፈረንጅ?

ታምሩ፦ የሙሽራ ወንድም ሌላ ምን ሥራ አለው? «በግድ ልግባ ቢልስ?» አለኝ። «ከነሚዜዎቹ ቢገፋ አልለቅም» አልኩ።

ተክለወልድ፦ ሰውየው ምን አለ?

ታምሩ፦ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

ተክለወልድ፦ ሰርግ ሊበጠብጥ የሚሄድ ጎረምሳ መስለኸዋላ!

ታምሩ፦ ቀጥላ ሲፈን «መልስ አለህ?» አለችኝ። «አለን እንጂ፣ በማግስቱ ነው» አልኳት።

ተክለወልድ፦ በማግስቱ?! አንተ ደንቆሮ፣ የመመለሻ ቲኬት ነው እኮ የጠየቀችህ!

ታምሩ፦ ሰርግ እያወራን መልስ ስትለኝ ድግሱ መስሎኝ ነዋ! «ዶሮውን እኔ ነኝ የማመጣው» ብዬ ጨመርኩበት።

ተክለወልድ፦ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ሰርግ የሚል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ። ቱሪስት ነህ። ለምን ትሄዳለህ?

ታምሩ፦ ላይ።

ተክለወልድ፦ ምን ልታይ?

ታምሩ፦ እህቴን።

ተክለወልድ፦ ሐውልት በል! ሐውልት!

ታምሩ፦ እህቴን ትቼ ድንጋይ?

ተክለወልድ፦ ቱሪስት ማለት ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ፎቶ ያነሳል፣ የታሸገ ውኃ ይጠጣል፣ ይመለሳል።

ታምሩ፦ ባለፈው ሰርግ ብዬ አሁን ሐውልት ብል አይያዝብኝም?

ተክለወልድ፦ ፈረንጅ ይረሳል።

[ከመጀመሪያው በኋላ ሦስቱንም ጊዜ እሱን በስሙ አስታውሰው እንደመለሱት ለጊዜው ዘንግቶታል።]

ተክለወልድ፦ ወዴት ትመለሳለህ?

ታምሩ፦ ጂቡቲ።

ተክለወልድ፦ ወደቅክ! «ወደ ውድ አገሬ» ነው የሚባለው። እንባም ጠብ ታደርጋለህ።

ታምሩ፦ ሥራዬ እዚህ፣ ቤቴ እዚህ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ እዚህ። ባቡሩ እዚሁ ናጋድ ጣቢያ ድረስ መጥቶ እየጠበቀኝ እንኳ ድሬን ካየሁ ስንት ዘመኔ! አንተ ምን ብለህ ነበር?

ተክለወልድ፦ «ወደ ውድ አገሬ» ብዬ አለቀስኩ።

ታምሩ፦ እነሱስ?

ተክለወልድ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ የሄድከው መቼ ነው?» አሉኝ።

ታምሩ፦ ከዚያስ?

ተክለወልድ፦ እንባው ደረቀ። [ጉሮሮውን ጠርጎ] ወደ ጉዳያችን! የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዛሬ እዚህ ምን ፈልገህ መጣህ?

ታምሩ፦ አሁን ጠየቅከኝ?

ተክለወልድ፦ ጠየቅኩህ!

ታምሩ፦ ኮትህን ልዋስ።

ተክለወልድ፦ ለቃለ መጠይቁ።

ታምሩ፦ ለሰርጉ። ባለፈው ሳምንት ደግሜ አመልክቼ ትላንት ቪዛው ተመታልኝ። ነገ እበራለሁ።

[ተክለወልድ ከቆንስልነቱ ቀስ እያለ ይወርዳል።]

ተክለወልድ፦ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?

ታምሩ፦ ሳይጠየቁ አለመናገር ነዋ!

ተክለወልድ፦ [ድምፁ ቅቤ ሆኖ] ታምሩዬ… የኔ ጌታ… ለመሆኑ ምን ብለህ ነው?

ታምሩ፦ ያንኑ ሰርግ። አሁን ግን በተግባር አሳየሁት።

ተክለወልድ፦ እንዴት አድርገህ?

ታምሩ፦ በወሬ አይሆንም። ወንበሩን ልቀቅና ውጣ፤ ከውጭ አንኳኳ።

[ተክለወልድ ይወጣል። ታምሩ በሩን ዘግቶ ይቀረቅራል። ሦስት ጊዜ ይንኳኳል።]

ታምሩ፦ ሦስት ጊዜ ያንኳኳ ችግረኛ ነው!

ተክለወልድ፦ [ከውጭ] ክፈት አቦ! ፀሐዩ አናቴን ሰነጠቀው!

ታምሩ፦ አላስገባም!

ተክለወልድ፦ ቤቴ እኮ ነው!

ታምሩ፦ ቤቴ ነው ያለ ሊቀር ያሰበ ነው። ከገባህ ትወጣለህ?

ተክለወልድ፦ እወጣለሁ! በእናትህ፣ ጎረቤት እየሳቀብኝ ነው!

ታምሩ፦ ልክ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ቆንስሉን ከነሲፈን ከገዛ ቢሮው አስወጥቼ በር ያዝኩበት። ለመነ፣ ሳቀ፣ በመጨረሻ ከፈትኩለት። «ለካ በሩ ይከፈታል!» አለኝ። «ካልተከፈተ ምኑን ሰርግ ሆነ? እናንተም እኮ እኔ ላይ በር ይዛችኋል፤ ይኸው እየለመንኩ ነው» አልኩት። «ከሰርጉ በኋላስ?» ሲለኝ፣ «ጂቡቲ ጎማ ይጠብቀኛል» አልኩ። መታልኝ።

ተክለወልድ፦ ገባኝ! አሁን ክፈት!

ታምሩ፦ ገና ነው! የእህቴን በር እንዲህ በአንድ ልመና ልከፍት ነው? ልምምድ ላይ ነኝ፤ ጨምር!

ተክለወልድ፦ [ተሸንፎ፣ በሩን ተደግፎ] እሺ፣ ኮቴስ? ኮቴ መልስ አለው?

ታምሩ፦ አለው እንጂ! በማግስቱ ነው፤ ለመልሱም እሱኑ ነው የምለብሰው!